ካርታው እስኪገባ

«ለአባዬ ማታ እነግረዋለሁ። አሁን ከሰማ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋል።»

ይህን ያለችው ልጁ ናት፤ ያለችውም ለእናቷ ነው። አባዬ የተባለው ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር። ማኮረፍስ ያኮርፋል። ውሸት የለባትም። ግን ሰው የልጁን ከቤት መውጣት ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሊሰማ ይገባዋል? ሐይቅ ዳር ባለች ሩቅ ከተማ ጎብኚዎችን በብስክሌት እየመራች የምታዞርበት ሥራ አግኝታለች። አዲሱ ካርታ የብስክሌቷ ጂፒኤስ ላይ ከተጫነላት ነገ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ እዚያ ድረስ የምትሄደውም በዚያችው ብስክሌቷ ነው። ጎረቤታቸው ሞባይል ሠሪው ያውቃል። ማዕዘኗ ላይ ዳቦ የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ታውቃለች፤ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ብላ መረቀችኝ እኮ» ስትል በገዛ ጆሮው ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ የዚያን የሐይቅ መንገድ እያንዳንዷን ጠመዝማዛ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው በራሱ ቤት የመጨረሻው ሰሚ ሆነ።

ከመጋረጃው ሲወጣ ገና አሁን እንደነቃ ሰው አፉን ከፍቶ አዛጋ። ማንም አላመነውም፤ ማንም ግን ምንም አላለም። በዚያ ቤት ዝምታ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ነው፤ ማዕድ ይቀርባል፣ የራሱ መቀመጫም አለው። ቤቱ አንድ ክፍልና በመጋረጃ የተከለለች መኝታ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ በስተግራ ቆሟል። ከጎኑ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ግማሹ የጨርቅ መቁረጫ፣ ግማሹ የልጅቷ ኮምፒውተር ማስቀመጫ ነው። ከመስኮቱ በስተቀኝ ደግሞ የሹፌሩ ወንበር አለ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰፈሩ «ሹፌሩ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ወንበሩም የምር የሹፌር ወንበር ነው። አውቶቡሱ አርጅቶ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ መቀመጫውን ለምኖ አስነቀለና ሳንቃ ላይ አስመትቶ ቤቱ አስገባው። ድሮ እሱ በመንገዱ ላይ ያልፍ ነበር፤ አሁን መንገዱ በእሱ ፊት ያልፋል። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ያን ዕለት መስታወቱ ጉም ለብሷል፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ነጭና ለስላሳ ነበር፤ የጨርቅ ብናኝ አየሩ ላይ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። ቀኑ ራሱ በደንብ ሳይነቃ የዋለ ይመስል ነበር።

ልጅቷን ሽውታ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ገና መራመድ ስትጀምር በአጠገቡ ሽው ብላ አልፋ በር ላይ ትገኝ ነበርና። ጂፒኤሷን የገዛችው ውድድር ካቆመ ብስክሌተኛ ላይ ነው። ከመዳፍ ታንሳለች፤ የቁልፎቿ ምልክት ከመነካካት ብዛት ጠፍቷል፤ መስታወቷን አንድ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ይቆርጣታል። ሞባይል ሠሪው «ይቺ የኖኅን መርከብ የመራች ናት» እያለ ይቀልድባታል። ሽውታ ግን አትሰማውም። ጂፒኤሷንና ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኝታ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቻትና «ብስክሌቴን አጥቤ ስመለስ ካርታውን እጭንባታለሁ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እናቷም ክር ልትገዛ ነጠላ ጫማዋን ተጫማች።

ሹፌሩ ብቻውን ቀረ። ቀጥሎ ያደረገውን ለማድረግ አልተማከረም፤ ከራሱም ጋር ቢሆን። እጁ ከጭንቅላቱ ቀደመ። የሽውታን ወፍራም ደህና ገመድ ነቀለና ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ በተሰቀለው አሮጌ የሥራ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። በቦታው ከመሳቢያ ያወጣውን ሌላ ጥቁር ገመድ ሰካ። ይህኛው ገመድ ታሪክ አለው። አንድ ጊዜ በር ቆርጦት ሊጣል ሲል «በቤቴ የሚጣል ነገር የለም» ብሎ እሱ ነው የጠገነው። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ሽቦዎች በጥርሱ ላጣቸው፣ የአውቶቡስ መብራት እንደሚቀጥል ሰው ጠምዝዞ አያያዛቸው፣ ከዚያ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለላቸው። ቻርጅ ማድረጉንስ ያደርጋል። ትልቅ ነገር የጫኑበት ጊዜ ግን ይንጠባጠባል፤ ጥቂት ይሄድና ይቆማል፣ ያሰበ ይመስላል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሹፌሩ የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ጨርሶ የተበጠሰ ገመድ ቢሆን ወዲያው ይነቃበታል። የተጠገነችውን ቦታ ከስፌት መኪናው ኋላ ሸጎጣትና ወንበሩ ላይ ተመልሶ መንገድ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ብትዘገይ ምን ትሆናለች አለ በሆዱ። ሁለትም ቀን ብትሆን።

ሽውታ እጇን እያራገፈች ገባችና ካርታውን መጫን ጀመረች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ወጣች፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ ሆና ቆመች። ልጅቷ አገጯን በእጇ ደግፋ ጠበቀች። መስመሯ ትንሽ ተንፏቀቀች፣ ቆመች፣ ጠፋች፣ እንደገና ጥፍር አከለች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ሰካችው። የተከፈተውን ሁሉ ዘጋች። ቦታ እንዲለቅ ብላ ጂፒኤሷ ላይ ተመዝግበው የቆዩ የድሮ ጉዞዎቿን ደመሰሰች። እናቷ ክሯን ይዛ ተመልሳ ነበርና የስፌት መኪናው ይንተከተካል፤ በመሃል ቆም እያለች «ምነው፣ እስካሁን?» ትላለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይዞር፣ ምን እንደሚጫን እንኳ የማያውቅ ሰው መስሎ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረች። ያቺን ደስታ ሦስቱም ሰምተዋታል።

ረፋዱ ላይ ሞባይል ሠሪው ዊንጮቹን በደረት ኪሱ ሰክቶ መጣ። ሰው አክባሪ ነው፤ መጀመሪያ ሹፌሩን «ጋሼ፣ እንደምን አረፈዱ?» ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ጂፒኤሷን ገለበጣት፣ አገላበጣት፣ ምላሱን ጠቅ አደረገ።

«ካርድ የምትጎርስ ብትሆን ካርታውን ካርዱ ላይ ገልብጠን እናጎርሳት ነበር። መጉረሻ የላትም። እቺ እኮ በቃ አርጅታለች፤ ጥፋቱ የዕድሜ ነው።»

«ያረጀ ሁሉ ጥፋተኛ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ። ለምን እንደ ተናደደ ራሱም አልገባውም።

«ኧረ እርስዎን አይደለም ጋሼ!» ሞባይል ሠሪው ሳቀና ወደ ሽውታ ዞረ። «ገመዱንስ ቀይረሽ አይተሻል?»

ሹፌሩ ሳል ያዘው። እውነተኛ ሳል አልነበረም፤ ግን አንዴ ከጀመረ በኋላ እውነተኛ ሆነበት። የስፌት መኪናውም ባንዴ ጸጥ አለ። ሽውታ ለአባቷ በብርጭቆ ውኃ ቀድታ ሰጠችው፤ እስኪጠጣ ጠበቀችው።

«ገመዱ ደህና ነው» አለች ከዚያ። «ገመዱ ምንም አልሆነም።»

ሞባይል ሠሪው ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። ሹፌሩ እግዜር ነው ያተረፈኝ አለ በልቡ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ግን የልጁን ዓይን ማየት አልቻለም።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ መጣበት። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲርቅ ሲርቅ የሞተር ድምፅ ሆነ። አውቶቡሱን እየነዳ ነው፤ ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ ከፊቱ ግን ጉም እንጂ አገር የለም። መንገዱ የሚሰመረው አረንጓዴዋ መስመር በተንፏቀቀች ልክ ነው፤ አንድ ስንዝር ትሄዳለች፣ አንድ ስንዝር አስፋልት ይፈጠራል፣ አውቶቡሱም አንድ ስንዝር ይራመዳል። ተሳፋሪዎቹ አይናደዱም። ሻንጣቸውን አቅፈው፣ በነጭ ብርሃን ተሸፍነው፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሽውታ የሕፃንነት ቀሚሷን ለብሳ ሞተሩ ሽፋን ላይ ተቀምጣለች፤ ሞተሩ ይሞቃል፤ እግሯን ታወዛውዛለች። «አባዬ፣ ደረስን?» ትላለች። «ገና ነው» ይላል። እንዲህ ደስ ብሎት ነድቶ አያውቅም። መቼም ባይደረስ! ከዚያ መስመሯ ቆመች። አውቶቡሱ ግን አልቆመም። ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ ሥር ምንም የለም። ከጉሙ ውስጥ የውኃ ድምፅ መጣ፤ ቀና ሲል ሞተሩ ሽፋን ላይ ማንም አልነበረም።

ባንኖ ሲነቃ ልጁ ለእናቷ እያወራች ነበር። «ባይጨርስም እሄዳለሁ፤ የድሮው ካርታ አለልኝ።»

የሹፌሩ እንቅልፍ ጥርግ ብሎ ጠፋ። የድሮው ካርታ! የድሮው ካርታ የሚያውቀው የድሮውን መንገድ ነው፤ ገደሉን ወርዶ በወንዙ ድልድይ የሚሻገረውን። ያንን ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ቆይቷል፤ አዲሱ መንገድ ተራራውን በላይ በኩል ይዞራል። የድሮው አስፋልት ግን አለ፤ ሣር እየለበሰ፣ እንደ ደህና መንገድ እያባበለ ይወርድና ወንዙ አፋፍ ላይ ያበቃል። ጠዋት ጠዋት ጉም ይሞላዋል። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ከልማድ ብዛት ወደዚያው ታጥፎ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ሲጮህ በእግዜር ቸርነት ነው ያቆመው። አሁን ይህን እንዴት ይንገራት? እሱ እኮ እንደምትሄድ አያውቅም!

ጉሮሮውን ጠረገ። «ለምሳሌ ያህል» አለ መስኮቱን እያየ፣ «አንድ ሰው እንዲያው ለምሳሌ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ቢሄድ... ያቺ ዕቃ በየት በኩል ነው የምትወስደው?»

እናትና ልጅ ተያዩ። ሽውታ ጂፒኤሷን አነሳች፣ ቁልፎቿን ተጫነች፣ መጥታም ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከጭረቱ ሥር ቀጭን መስመር ገደሉን ወርዶ ወንዙን ሲያቋርጥ አየ። እንዳሰበው ነው።

«ድልድዩ የለም» አለ። «ጎርፍ ወስዶታል። ለዚያ ሰው ንገሪው።»

«ለምሳሌ ያህል» አለች ሽውታ፣ ፈገግታዋን ይዛ፣ «ያ ሰው ካርታው ካልገባለት ምን ያድርግ? ካለው ጋር ይሄዳላ። እዚያ ሲደርስ ያየዋል።»

«ሲደርስ አይታይም! ጉም ነው! በጉም ውስጥ ብስክሌት...» ቀሪውን ዋጠው። ልጅቷ ጉልበቱን ዳበስ አድርጋ ተነሳችና «ዳቦ ልግዛ» ብላ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ሹፌሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ በዚያ ዕድሜው መስፈንጠር ከተባለ። በሩ ጀርባ ሄደ። ሚስማሩ አለ፤ ኮቱ የለም። ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ፤ ዳሰሳ ኮት የሚያመጣ ይመስል። ሲዞር ኮቱን ሚስቱ ጭን ላይ አየው፤ ኮት መሆኑ ግን ቀርቷል። እጅጌው ተቆርጧል፣ ጀርባው ተቀዷል፣ ጠንካራው ሰማያዊ ጨርቅ ከብስክሌት ኮርቻ ኋላ የምትታሰር ቦርሳ እየሆነ ነው። ክዳኗ ላይ የኮቱ የምታብረቀርቅ የድሮ ቁልፍ ተተክላለች።

«ኮቴን?»

«ውኃ አያስገባም። ልብሷ እንዳይርስባት ብዬ ነው» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል።

«ኪሱ ውስጥ የነበረውስ?»

«ምን ነበረ?»

መርፌዋ ጨርቁን ወጋ ነቀል ታደርጋለች። ውጭ ሕፃናት ኩሬ ላይ ሲንቦራጨቁ ይሰማል። ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቁልፎች የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከመኪናው ሥር አወጣች፤ ክዳኑን ከፈተችው። ከቀይና ከነጭ ቁልፎች መካከል ወፍራሙ ገመድ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ክር ወገቡን ታስሮ ተኝቷል።

«መቼ አገኘሽው?»

«ጠዋት። ኮቱን ላወርድ ስል።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ደበቅከው?» አለች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ። «አንተ ብቻ ነህ እንዴ የወለድካት? አንድ ቀን ትዋልልኝ ብዬ ነው። አንተ እንደሠራኸው ገባኝና፣ ጥሩ፣ ኃጢአቱ የእሱ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።»

ሹፌሩ ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም። ሄዶ ከጎኗ፣ የተቆራረጠው ኮቱ ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አብረው አረንጓዴዋን መስመር አዩ፤ ተንፏቀቀች፣ ቆመች፣ ጥፍር አከለች። ሁለቱም በልባቸው እንዳትሄድ ይዘዋት ነበር፤ ምስኪን መስመር። «በድሮው ካርታ ከምትሄድብኝ» አለና ገመዱን ከቆርቆሮው አነሳው። ቀዩን ክር ፈትቶ ለሚስቱ ሰጣት። እሱ የጠገነውን ነቀለ፤ ደህናውን ሰካ። ጂፒኤሷ አሮጌ ናትና በርራ አልጨረሰችም፤ ግን ሳታሰልስ፣ ሳትቆም ሄደች፤ መስመሯ እየረዘመች ስትሄድ ሹፌሩ ዓይኑን ከላይዋ አላነሳም።

ሽውታ ዳቦውን ታቅፋ ስትገባ ሁለቱም በየቦታቸው ነበሩ፤ እሱ ወንበሩ ላይ፣ እሷ መኪናዋ ላይ። ስክሪኑን አየች። «እንዴ፣ እየገባ ነው! ምን አደረጋችሁት?»

«አሮጌ ነገር ሲለምኑት እሺ ይላል» አለ ሹፌሩ።

መብራት ሳይበራ ካርታው ገባ። እራት ላይ፣ ሾርባው ሲተን፣ ሽውታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ነገ ሐይቅ ዳር ልሄድ ነው። ሥራ አግኝቼ።» ሹፌሩ ቅንድቡን እስከ መላጣው ሰቅሎ «እንዴ! መቼ?» አለ። ይህን ያህል መጥፎ ተዋናይ በሰፈሩ የለም፤ ሚስቱ ትን አላት፤ ሽውታ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ሦስቱም ሾርባቸው ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። የትኛው ዳገት ሰው እንደሚያታልል፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ ነፋስ ከጎን እንደሚመታ፣ የትኛው ዛፍ ጥላው ደግ እንደሆነ። ሽውታ ካርታውን ከፍታ አንድ በአንድ አብራው ሄደች። «ካርታው ሁሉንም ያውቃል?» አላት። «ያውቃል። ግን መንገድ በየጊዜው ይቀየር የለ? ካርታውም መታደስ አለበት» አለችው። የዚያን ጊዜ ነገሬ አላለውም።

ሲነጋጋ ወጣች። መንገዱ እርጥብ ነበር፤ መብራቶቹ ገና አልጠፉም። ሰማያዊዋ ቦርሳ ከኮርቻው ኋላ ታስራ፣ ቁልፏ ብልጭ አለች። አባቷን ጉንጩን ሳመችው፤ እናቷን አቅፋ ቆየች፤ ጆሮዋ ላይም የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ከዚያ ስሟን አልዋሸችም፤ ሽው ብላ ማዕዘኗን ታጠፈች።

ሹፌሩ ቤት ገባ። እጁን ሥራ ለማስያዝ ጠረጴዛውን ያሰናዳ ጀመር። ያኔ ነው ሚስማሩን ያየው። ኮቱ ይሰቀልበት በነበረው ሚስማር ላይ ወፍራሙ፣ ደህናው ገመድ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ክር ታስሮ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፤ ናስትሮ የለበሰው ገመድ የለም።

«ተሳስታለች!» ብሎ ጮኸ። «የእኔን ይዛ ሄዳለች! በእሱ እኮ ካርታ አይገባም!» ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ በሩ ተንደረደረ።

«አልተሳሳተችም» አለች ሚስቱ። የስፌት መኪናዋ ፊት ቁጭ ብላለች፤ አልከፈተችውም። «ገና ትናንት ጠዋት፣ ከጓሮ እንደገባች ገመዱ መቀየሩን አይታለች። የአባዬ ገመድ ለቻርጅ ይበቃኛል፤ ካርታ ማደስ ባስፈለገኝ ቁጥር ቤት እመጣለሁ ብላለች።»

ሹፌሩ በሩን እንደያዘ ቆመ። «ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?»

«ከሄድኩ በኋላ ንገሪው ነው ያለችኝ። አሁን ከሰማ ያለቅሳል ብላ።»

ማልቀስስ ያለቅሳል። ውሸት የለባትም።